አክተሩ አይሞትም

ዳንኤል ክሬግ ጄምስ ቦንድን ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የተወነበትን "ኖ ታይም ቱ ዳይ" ያየሁት ነቀምቴ፣ አጎቴ ሳሎን ውስጥ ነው። ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነበር፤ ፊልሙ ወጥቶ ጥቂት ወራት ሆኖታል። የአክስቴ ልጅ በፍላሽ ይዞት መጣ። 163 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው፤ በመሃል መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ቡናውም ከአቦል ተነስቶ በረካ ደረሰ። መጨረሻው ላይ፣ እስካሁን ያላያችሁ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቦንድ ይሞታል። ደሴት ላይ ቆሞ፣ ሚሳይሉ ሲመጣበት እያየ።

ሳሎኑ ጭር አለ። ከመጀመሪያው ፊልም፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲተኮስበት፣ ባሕር ሲጣል፣ ከአውሮፕላን ሲወረወር አንድም ጊዜ ያልሞተ ሰው ነው እኮ! የአክስቴ ልጅ "አይ፣ ይመለሳል" አለ፣ እንደ ማልቀስ እያደረገው። ጡረታ የወጡ መምህር የሆኑት አጎቴ ግን ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው፣

"እሱስ በክብር ነው የሞተው" አሉ። "እኛ አገር መጥቶ ያለቀለትን ሰላይ የገደለው ሚሳይል አይደለም። ቲኬት ነው።"

"የቱ ሰላይ ኤሱማ?"

እኛ ጋ የእናት ወንድም ኤሱማ ነው የሚባለው። ወሬያችንም በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ እመልሰዋለሁ።

"ሻፍት ነዋ" አሉ። "ጆን ሻፍት። ጃንሆይ ሊወርዱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው መጥቶ ነበር።"

ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ያን ቀን ማታ ነው። (የውጭዎቹን ዓመተ ምሕረቶች እ.ኤ.አ. ብዬ፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ፤ እንዳንምታታ።)

የቪዲዮ ቤት ሕግ

ለምን እንደገረመኝ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በልጅነቴ ነቀምቴ ውስጥ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። ጊምቢም፣ ነጆም፣ ሻምቡም፣ ደምቢ ዶሎም ያደገ ልጅ ያውቀዋል። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሚያንገጫግጭ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፦ "ዛሬ 8 ሰዓት፣ ምርጥ አክሽን።" የፊልሙ ስም አይጻፍም፤ አያስፈልግምም። ክረምት ላይ የወለጋ ዝናብ ቆርቆሮውን መቀጥቀጥ ሲጀምር ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም። እንግሊዝኛውም ስለማይገባን ብዙ የሚቀርብን ነገር አልነበረም።

ቋንቋ ሳይኖረን ታሪኩን የምንከተለው በሦስት ሰዎች ነው፦ አክተሩ፣ ሌባው እና የአክተሩ ጓደኛ። ሌባው የግድ ሌባ መሆን የለበትም፤ ጄኔራልም፣ ሳይንቲስትም ቢሆን ሌባ ነው። የአክተሩ ጓደኛ ጥሩ ሰው ነው፣ ይስቃል፣ ያግዛል፣ ግማሽ ላይ ይሞታል። አክተሩ ግን አይሞትም። ይህን ሕግ ያስተማረኝ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ጥይቱ ሲዘንብ እኔ ዓይኔን ስሸፍን፣ በክርኑ ጎሸም ያደርገኝና "አትፍራ፣ አክተሩ አይሞትም" ይለኛል። ወደዚህ ልጅ በኋላ እመለሳለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከቦንድ እስከ ራምቦ ያላየነው አልነበረም። አንድም ሰው ግን "ከነዚህ አንዱ እኛ አገር መጥቶ ነበር" ብሎን አያውቅም።

ለነገሩ ወለጋ ላይ ወሬ ዘግይቶ መድረሱ አዲስ ነገር አይደለም። ይኸው የክሬግ ፊልም ሊወጣ ታስቦ የነበረው በሚያዝያ 2012 ነበር። በኮሮና ምክንያት መራዘሙ በየካቲት መጨረሻ ሲነገር የዓለም የፊልም ወዳጅ ሁሉ በየስልኩ ሲያማርር፣ እኛ ጋ የሚማረርበት ስልክ አልነበረም። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሦስት ወር ገደማ። ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቅነው ማን ታሰረ፣ ማን ሞተ፣ ማን ደኅና ነው የሚለውን ነው። የቦንድን መራዘም ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙ ደጋግሞ ተራዝሞ ለንደን ላይ ለሕዝብ የታየው መስከረም 20 ቀን 2014 ነው።

ጥቁሩ አክተር

ጆን ሻፍት ደራሲው ኧርነስት ታይዲማን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ የፈጠረው የኒው ዮርክ የግል መርማሪ ነው። በዓመቱ ጎርደን ፓርክስ ለኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ፊልም አደረገው። መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ ሞዴል የነበረ፣ በፊልም ዓለም ማንም የማያውቀው ወጣት ነበር። ረጅም የቆዳ ካፖርቱን ለብሶ በማንሃተን ጎዳና መኪና እያስቆመ ሲሻገር የአይዛክ ሄይስ ሙዚቃ ከኋላው ይመጣል። ያ ሙዚቃ በ1972 እ.ኤ.አ. ኦስካር ወስዷል። ፊልሙን ያላዩትም ዜማውን ያውቁታል፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ለምን ያን ያህል ትልቅ ነገር ሆነ? በቪዲዮ ቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። ሲድኒ ፖይቲየርን የመሰሉ ጥቂቶች ቢኖሩም፣ በሆሊውድ ፊልም ውስጥ ጥቁር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሎሌ፣ ሾፌር፣ ወይም የአክተሩ ጓደኛ ነበር። ግማሽ ላይ የሚሞተው ማለት ነው። ሻፍት አክተሩ ነው። ፖሊስን አይለማመጥም፣ ማፊያን አይፈራም፣ ሲያልቅም በሕይወት አለ። በትንሽ ገንዘብ የተሠራው ፊልም ወጪውን በብዙ እጥፍ መለሰ፤ ያኔ ገንዘብ አጥሮት ለነበረው ስቱዲዮም ትንፋሽ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ ጥቁር ጀግና ያላቸውን ርካሽ ፊልሞች በላይ በላዩ ማምረት ጀመረ፤ "ብላክስፕሎይቴሽን" የሚባለው ዘመን ይህ ነው። ስሙ ራሱ ስድብ አለበት፦ ጥቁሩን ማሳየትም፣ በጥቁሩ መነገድም።

ሁለተኛው ሻፍት በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሦስተኛው ላይ ግን ሐርለም ጠበበች። ስቱዲዮው አዲስ ነገር ፈለገ፤ አዲሱ ነገር ምን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አያስቸግርም፦ መርማሪውን ሰላይ ማድረግ። ቦንድ ማድረግ። የት ይሂድ? አፍሪካ። የት አፍሪካ? ኢትዮጵያ።

ሰኔ 1973

"ሻፍት ኢን አፍሪካ" የወጣው በሰኔ 1973 እ.ኤ.አ. ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ነበር፣ በዓመቱ "ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ"ን የሠራው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አሚር ራሚላ የሚባል ባለሥልጣን ሻፍትን በግድ አስይዞ ሥራ ይሰጠዋል። አፍሪካውያን ወጣቶችን በሥራ ስም እያታለለ ፓሪስ የሚያደርስ የዘመናችን የባሪያ ንግድ ሰንሰለት አለ፤ ሻፍት ከወጣቶቹ አንዱን መስሎ ውስጥ መግባት አለበት። የአሚሩ ልጅ አለሜ ባሕሉን ታስተምረዋለች። የዱላ ውጊያ ይማራል። የስለላ መሣሪያ የተደበቀበት ዱላም ይሰጠዋል። ፊልሙ ቦንድን እየመሰለ መሆኑን ሳያውቀው አልቀረም፤ ሻፍት ራሱ ጄምስ ቦንድ እንዳልሆነ የሚናገርበት ቦታ አለ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። በዚያው ወር፣ በሰኔ 1973 እ.ኤ.አ.፣ "ሊቭ ኤንድ ሌት ዳይ" አሜሪካ ውስጥ ወጣ። የሮጀር ሙር የመጀመሪያ ቦንድ ነው። በዚህ ፊልም ነጩ የእንግሊዝ ሰላይ የት ሄደ? ሐርለም! ሻፍት የከፈተውን ገበያ ፍለጋ። የሐርለሙ ሰው ቦንድን ለመምሰል አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ቦንድ ሻፍትን ለመምሰል ሐርለም ገባ። መንገድ ላይ ተላለፉ ማለት ነው። የአንዱ ዘመን በዚያ ወር ጀመረ፤ ሙር 12 ዓመት ቦንድ ሆኖ ቆየ። የሌላው በዚያው ወር አለቀ። የሻፍት ፊልም ከቀደሙት ሁለቱ የበለጠ ወጪ ወጥቶበት ገበያ አጣ። ስቱዲዮው ገጸ ባሕርይውን ለቴሌቪዥን አሳልፎ ሰጠ፤ ቴሌቪዥኑም ጥርሱን አውልቆ ሰባት ክፍል ካሳየው በኋላ ተወው። አጎቴ "ቲኬት ነው የገደለው" ያሉት ይህንን ነው።

ፊልሙን በሳምንቱ ከአጎቴ ጋር አየነው። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። ሻፍት በእኛ አገር ፀሐይ ሲሄድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ ሳይ ደግሞ ጮህኩ፦ ደበበ እሸቱ! ሀንጋሪ ተምሮ የመጣው፣ በአገር ቤት መድረክ ላይ ስሙ የገነነው ደበበ።

ቀስ በቀስ ግን ደስታዬ ተቀዛቀዘ። አሚሩ የጉያና ተወላጅ ነው፣ አለሜ አሜሪካዊት ናት፣ ሌባው እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። ታሪኩ ስለ እኛ ወጣቶች መሸጥ ሆኖ ሳለ፣ የሚሸጡት ወጣቶች ስም እንኳ የላቸውም ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ መልክዓ ምድሯን፣ ፀሐይዋን፣ አቧራዋን አዋጣች። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ፣ አገሪቱ በሙሉ የአክተሩ ጓደኛ ናት። ጥቁሩ ሰው አክተር ሆኖ ወደ አፍሪካ ሲመጣ፣ ሆሊውድ ያኔ ለእሱ ይሰጠው የነበረውን ቦታ ለእኛ ሰጠን።

ደበበን ግን እንደ አክተር ጓደኛ ማየት አይቻልም። የእሱ ሕይወት ከፊልሙ በኋላ ነው ይበልጥ የከበደው። በመድረክ ሲሠራ ኖሮ፣ ወደ ፖለቲካ ገብቶ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስሮ ሁለት ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆይቷል። እዚያ ዱላ ውስጥ የተደበቀ የስለላ ዕቃ የለም።

መንገዱን የሄዱት

ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ አጎቴ ሪሞቱን አንስተው አቆሙት።

"ይህን መንገድ በእውነት የሄደ ሰው እዚሁ ከተማ ነው ያረፈው" አሉኝ። "ለሱ ግን ፊልም የሠራለት የለም።"

ማንን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ነቀምቴ ያደገ ልጅ ስሙን ሳይሰማ አያድግም። ታሪኩን ከሻፍት ጎን አስቀምጬ ግን አስቤው አላውቅም።

ሂካ የሚባል ልጅ በ1856 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። ስሙ በኦሮምኛ ከመፍታት፣ ከመተርጎም ጋር የተያያዘ ነው። ገና በልጅነቱ ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ፣ ከምዕራብ ጫፍ ተነስቶ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 እ.ኤ.አ. ወርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ በአዲስ ኪዳን የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። ስዊድን ሄደው ተማሩ (ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው)፤ ከዚያ በኋላ የቀረ ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፦ ወደ ሕዝባቸው መመለስ፣ በቋንቋቸውም መጽሐፍ ማድረስ።

መመለሱ እንደ ፊልም አልቀለለም። በ1881 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ ድንበሩ አካባቢ ደርሰው መንገዱ ተዘጋባቸው፣ ታመው ወደ ኋላ ተመለሱ። ወለጋን የረገጡት በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ምጽዋ ላይ ነጻ ከወጡ 34 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከተማው ውስጥ ቆሟል። ኦነሲሞስ አስተማሩ፣ ተከሰሱ፣ ተከለከሉ፣ እንደገና ተፈቀደላቸው፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ላይ አረፉ።

ሻፍት በአጭር ሥልጠና እኛን ሊመስል ይሞክራል፤ ፊልሙ ከዚህ ቀልድም ያወጣል። የኦነሲሞስ ችግር የተገላቢጦሽ ነበር። ልጅ ሳሉ ስለተወሰዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቃላት አጥሯቸው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ የተነሳ ሰው ቃል ሲያጥረው አስቡት። ባርነት የወሰደባቸው ነገር እግርና እጅ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የጎደለውን ቃል የሞላችው ሌላ ባሪያ የነበረች ልጅ ናት። አስቴር ጋኖ ወደ ዓረብ አገር ስትሻገር በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከብ አስጥሏት ምጽዋ አጠገብ ወደ ነበረው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ወሰዷት። ቋንቋውን ከነተረቱ፣ ከነዘፈኑ ጭንቅላቷ ውስጥ ይዛ ነው የመጣችው። ከኦነሲሞስ ጋር ሆና ቃላት ሰበሰበች፣ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀች፣ በትርጉሙም አገዘች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ታተመ፤ በግዕዝ ፊደል፣ እናንተ አሁን በምታነቡት በዚሁ ፊደል። አስቴርም ወለጋ ተመልሳ አስተማረች፤ ኢትዮጵያ በ1942 እ.ኤ.አ. ባርነትን በአዋጅ ስትሽር በሕይወት ነበረች፤ እስከ 1960ዎቹም እ.ኤ.አ. ኖራለች። የሆሊውድ ሰዎች "አፍሪካ ውስጥ ባሪያ የሚሸጥበት ታሪክ" ብለው ካሜራ ይዘው ሲመጡ፣ መንገዱን በእግሯ የምታውቀው ሴት ካረፈች አሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነበር።

አንድ ሰው ነቀምቴ መጥቶ ቢጠይቅ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት፦ እኔስ መቼ ጠየቅሁ? ከመቃብራቸው ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ራምቦ ሳይ ነው ያደግሁት።

ዘመን የዘጋው ፊልም

ሻፍት ሲቀረጽ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። በግንቦት 1973 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ አስተናግደዋል። በዚያው ጊዜ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ቀረጸው፤ በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ሕዝብ ታየ። ለኢትዮጵያ ሕዝብ ግን አልታየም።

እስከ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ድረስ። የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ።

አጎቴ ያን ጊዜ አዲስ አበባ የሚማሩ ወጣት ነበሩ። ቴሌቪዥን ያለው ቡና ቤት በር ላይ፣ ከብዙ ሰው ጋር ተጋፍተው ቆመው ነው ያዩት። ደርግ የዲምብልቢን ፊልም ወስዶ በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስ አስገባበት። የወሎ ሕፃን፣ ቀጥሎ ኬክ። የሬሳ ሰልፍ፣ ቀጥሎ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነግሯቸው እንደነበር ብዙዎች ጽፈዋል። በማግስቱ ጠዋት ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ነቀምቴ ያሉት አያቴ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ወሬውን በራዲዮ ሰሙት።

"ዝም ብለን ነው ያየነው" አሉኝ አጎቴ። "አንድ ሰው አለቀሰ። ሌላው ሳቀ። እኔ ሁለቱም መጣብኝ።"

መምህር ናቸውና ቀጥለው የተናገሩትን አልረሳውም፦ ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው፣ ሁለቱን ያጋባው ግን መቀስ ነው። መቀሱን የያዘውን ሰው ያን ቀን ማንም አልጠየቀውም። ከሁለት ወር ጥቂት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ እነዚያው ሰዎች 60 ገደማ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸኑ።

ስለዚህ በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ ሁለት ፊልም ሁለት ዘመን ዘጋ። አንደኛው የሰላይ ፊልም ነው፤ የአንድ ተዋናይን ዘመን ዘጋ፣ ገበያ ስላጣ። ሁለተኛው የረሃብ ፊልም ነው፤ የአንድ ንጉሥን ዘመን ዘጋ፣ ያገሬው ሰው በአንድ ምሽት ስላየው። በሁለቱም ውስጥ ግን ስም አልባዎቹ ያው ናቸው። በአንዱ የሚሸጡት ወጣቶች፣ በሌላው የሚሞቱት ሕፃናት። መጨረሻው ላይ ስሙ የሚጻፈው የወረደው አክተር ነው።

ይመለሳል

ራውንድትሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ ሻፍት ተመልሷል፤ አሁን አክተሩ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ነው፣ እሱ አጎትየው። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ ደገመ። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በ81 ዓመቱ አረፈ። ገበያ ያጣው የኢትዮጵያው ፊልምም ሙሉ በሙሉ አልሞተም፦ የጆኒ ፔት ሙዚቃው ተርፏል። ጄይ ዚ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው "ሾው ሚ ዋት ዩ ጋት" ላይ ያለው ጥሩምባ ከሱ ነው የተወሰደው። ሰምታችሁት ይሆናል፣ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ።

ቅድም ወደ ክፍል ጓደኛዬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። ከካርቱም አንዴ ደወለ። ከዚያ አንድ ዓመት ወሬው ጠፋ፤ እናቱ በዚያ ዓመት በአንድ ጊዜ አረጁ። ከዚያ ከሊቢያ ተሻግሮ፣ በጣሊያን በኩል ፈረንሳይ መግባቱን ሰማን። ፓሪስ አካባቢ ነው ያለው፤ ሰሃን ያጥባል።

ፊልሙ ውስጥ፣ ሻፍት ፓሪስ ሲደርስ ወጣቶቹ ተፋፍገው የሚኖሩበት ቤት ይታያል። ያችን ክፍል በስልኬ ቀርጬ ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩበትም። ማታ ድምፅ ላከልኝ፣ እየሳቀ፦ "አንተ፣ ይሄ እኮ የኛ ክፍል ነው። ማን ቀረጸን?"

በ1973 እ.ኤ.አ. የተሠራ መሆኑን ስነግረው ዝም አለ። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲያውቁ ነበራ" አለ።

ሃያሲዎች ስለ ፊልሙ ድክመት ብዙ ብለዋል፤ አብዛኛው ልክ ነው። ከቦንድ ኮርጇል፣ አገራችንን መጋረጃ አድርጓታል፣ ሻጩን እንጂ ተሸጩን አያውቀውም። ያችን ክፍል ግን በትክክል አይቷታል። የምዕራብ አገር የሰላይ ፊልም ስለ ቦምብና ስለ ሳተላይት በሚጨነቅበት ዘመን፣ ሌባው የደሃ ልጅ ጉልበት የሚሸጥ ነጋዴ የሆነበት ፊልም መሥራት ትንሽ ነገር አልነበረም። ሻፍት መጨረሻው ላይ ሌባውን ያሸንፋል፤ ክፍሏ ግን ዛሬም አለች።

የክሬግ ፊልም ሲያልቅ፣ ከስሞቹ ሁሉ በኋላ፣ ጄምስ ቦንድ እንደሚመለስ የሚናገር ጽሑፍ ይመጣል። የአክስቴ ልጅ ልክ ነበር። ቦንድን የሚመልሰው ገበያ ነው፤ ሌላ ፊት ያለብሱትና ይመጣል። ሂካን የመለሰው ገበያ አልነበረም። ገበያማ የወሰደው ነው።

ባለፈው ለጓደኛዬ መቼ እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ወረቀቱ ገና እንዳላለቀለት ነገረኝ። ምን እንደምለው ጠፋኝና የድሮውን ጻፍኩለት፦ "አትፍራ፣ አክተሩ አይሞትም።"

ትንሽ ቆይቶ መለሰ። "እኔ የአክተሩ ጓደኛ ነኝ መሰለኝ" አለ፤ "ግን ግማሹን አልፌዋለሁ።"

ከዚያ እናቱ ዘንድ ሄጄ ገንዘቡ ደርሷቸው እንደሆነ እንድጠይቅለት ለመነኝ። ሄድኩ። ደርሷቸዋል።